ጥምቀትን በጎንደር፦ የአንድ ጠዋት ዕቅድ ይበቃል?

እንደሚታወቀው ጥር በመጣ ቁጥር «ጥምቀትን በጎንደር» የሚለው ጥሪ ከየአቅጣጫው ይሰማል። በዓሉ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህማ ጥሪው በርትቷል። ታዲያ እኛ የቱሪዝም ተማሪዎች ለእንግዳ የምናወጣውን ፕሮግራም ልብ ብላችሁታል? ጥር 10 ከሰዓት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ፣ ጥር 11 ጠዋት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር መገኘት፣ ከሰዓት ግንቡን እየሮጡ ማየት፣ ጥር 12 ጠዋት ሻንጣ መሸከፍ። በኔ እምነት እንዲህ ያለው ዕቅድ እንግዳውንም አገሬውንም ይጎዳል።

አንደኛ፣ ሰውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አንድ ግቢ ውስጥ ያጭቃል። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፤ ሰው ስለበዛ አይሰፋም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚያው ለበዓሉ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። መቀመጫው እንዴት እንደተሠራ መመርመር የመሐንዲሶች ሥራ ነው። እንግዳው እዚያ ብቻ እንዳይጋፋ ማቀድ ግን የኛ ነው።

ባንኮክን እንይ። የታይላንድ ሶንግክራንም በውሃ የሚከበር በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ሰፍሯል። ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ሦስት ቀን ሲከበር ውሃ መረጫጨቱ ካኦሳን፣ ሲሎም እየተባለ በየመንገዱ ነው። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ቢሞላ ሌላው አለ። ጥምቀት ጸሎት እንጂ ጨዋታ አይደለምና እንዳለ እንቅዳው አልልም። ግን የኛም በዓል እኮ የአንድ ጠዋት አይደለም! ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ በዓል ነው። ጥር 12 በቃና ዘገሊላ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት በእልልታና በሆታ ይመለሳል። ይህን ቀድሞ የተነገረው እንግዳ «ጥር 11 ጠዋት ካመለጠኝ ሁሉም አመለጠኝ» አይልም።

ሁለተኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ጥር 12 ጠዋት የሚሄድ እንግዳ ገንዘቡ በአብዛኛው አየር መንገድና ሆቴል ቤት ይቀራል። ሦስት አራት ቀን ቢጨምር ግን ግንቡን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ረጋ ብሎ ያያል፤ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደባርቅ በኩል ስሜን ተራሮች ይገባል። ጥር ሰማዩ ጥርት ያለበት ወር ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ይያዝ። ያኔ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎውም ይደርሳቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ለነዚህ ሰዎች እንግዳ ብርቅ ሆኖ ከርሟል። በርግጥ የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሳይጠይቁ እንግዳ መላክ ነውር ነው። ሰላም ሲሆን ግን ደባርቅን ከዕቅዱ መተው በደል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት በሚገባው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። ይህን ሳያጣራ ቲኬት የሚቆርጥ በዓሉን በአንድ ቀን ይስታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እንግዲህ በየኮርሱ ለልምምድ በምናዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ላይ ቢያንስ የስድስት ቀን የጎንደር ዕቅድ ማውጣት ብንጀምርስ? መምህራኖቻችንም በዚህ ቢያርሙን ደስ ይለናል። ቸር እንሰንብት።