ኮዱ ተተርጕሞ ፕሮግራሙ እንቢ ሲል

ከግዕዝ ወደ አማርኛ የሚተረጕም ሰው የማያውቀው ቃል ቢገጥመው መዝገበ ቃላት ገልጦ ይወጣዋል። የሚያስተው ያወቀው የመሰለው ቃል ነው። «ሀገር» የሚለውን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በግዕዝ ከተማ ማለት ሲሆን በአማርኛ ግን እስከ ድንበሩ ድረስ የምንኖርበትን ምድር ሁሉ እንጠራበታለን። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ቢተወው ዐረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ አንባቢውም አይደናቀፍም፤ ትርጕሙ ብቻ ሌላ ሆኖ ያልፋል። በኮምፒዩተር ትምህርት የተሰማራችሁ ወጣቶች፣ ኮድ ከአንዱ አሴምብለር ወደ ሌላው ስትመልሱ የሚያጋጥማችሁ ችግር ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላልና፣ በዛሬው ጽሑፌ ይህንኑ ጕዳይ ላነሣ ወድጃለሁ።

ለሌሎቹ አንባብያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል ከቍጥር በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰማም። አሴምብሊ ማለት እነዚያን ቍጥሮች ሰው ሊያነባቸው በሚችል አጫጭር ቃል መጻፍ ሲሆን፣ ቃሉን መልሶ ወደ ቍጥር የሚለውጠው ፕሮግራም አሴምብለር ይባላል። አሴምብለሩ ግን አንድ አይደለም። ለኢንቴል ፕሮሰሰር ብቻ እንኳ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ማዝም አለ፤ ሳይመን ታተምና ጁሊያን ሆል በ1996 የጀመሩት ናዝም አለ፤ በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው የግኑ አሴምብለርም አለ። ሦስቱም የሚያናግሩት ያንኑ ፕሮሰሰር ሲሆን ሰዋስዋቸው ለየቅል ነው። የግኑው እንዲያውም በልማዱ ዕቃው የሚነሣበትን አስቀድሞ የሚደርስበትን ያስከትላል፤ የሁለቱ ሥርዐት የዚህ ግልባጭ ነው። ማዝም የዊንዶውስ ሰው ስለ ሆነ፣ ናዝም ግን በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ስለሚሠራ፣ ከማዝም ወደ ናዝም መሻገር የብዙ ተማሪ ዕጣ ሆኗል። እኔም ምሳሌዬን ከዚሁ እወስዳለሁ።

ትርጕሙ ካለቀ በኋላ ፕሮግራሙ እስኪነሣ ድረስ ሥራው በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ የግንባታውን ማዘዣ የሚያነበው አለ፤ ይኸውም ሜክ ወይም ቪዥዋል ስቱዲዮ ወይም ሌላ መሣሪያ ሲሆን፣ የትኛው ፋይል ለማን እንደሚሰጥ የሚያዝዘው እርሱ ነው። ሁለተኛው አሴምብለሩ ነው፤ እያንዳንዱን ፋይል ወደ ኦብጀክት ፋይል ይለውጣል። ሦስተኛው ሊንከር ነው፤ ኦብጀክት ፋይሎቹን አገጣጥሞ ሙሉውን ፕሮግራም ያወጣል። የስሕተት መልእክት ሲመጣ ታዲያ፣ ምን እንደ ተባለ ከመመርመር በፊት ማን እንደ ተናገረው መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላ ነው። ልጁ መልእክቱን እንዳየ ኮዱን ይከፍትና ደህና የነበረውን መስመር ይነካካል። እንጀራው ዐይን አላወጣም ተብሎ፣ የምጣዱ መጋል ሳይታይ ሊጡ ይደፋልን? ማዘዣው ለበደለው ኮዱ ይቀጣል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ማዘዣው ቢስተካከል ደግሞ፣ የተነካካው ኮድ በእውነት ተበላሽቶ ይገኛል። ጎበዝ የነበረ ልጅ «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ሲተወው ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ተናጋሪውን ማወቅ ያን ያህል አያስቸግርም። በማይክሮሶፍት መሣሪያዎች ዘንድ የማዝም ስሕተት «ኤ» በሚል ፊደልና በአራት አኀዝ ይታወቃል፤ የሊንከሩ «ኤል ኤን ኬ» ብሎ ይነሣል። ኮዳችሁን ወደ ናዝም መልሳችሁ ስታበቁ «ኤ2008» የሚል ቢወጣ፣ ይህ የማዝም የሰዋስው ስሞታ ነውና ፋይሉ ዛሬም ለማዝም እየተሰጠ ነው ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ደብዳቤው ደህና ተጽፎ ሳለ ለማይመለከተው ክፍል ተመርቷል። መፍትሔው በፕሮጀክቱ ማዘዣ ውስጥ ያንን ፋይል ከማዝም አላቅቆ፣ ናዝምን ከነሙሉ አድራሻው መጥራት ነው።

ሌላው የተለመደ ጕድለት የፋይሉን ዐይነት አለመናገር ነው። ናዝም ምን ዐይነት ፋይል እንዲያወጣ ካልተነገረው፣ ለሊንከር የማይሆን ጥሬ ፋይል ያወጣል፤ ኮዱንም ባለ16 ቢት አድርጎ ይቈጥረዋል። የማውቀው አንድ ተማሪ ባለ64 ቢት ኮድ መልሶ ናዝምን እንዲሁ በባዶው ቢጠራው፣ ከየመስመሩ ስሞታ ዘነበለት። ትእዛዙ በ16 ቢት ሥርዐት አይፈቀድም ይለዋል። እርሱም ነገሩ እውነት መስሎት፣ ባለ64 ቢት ሬጂስተሮቹን እየሰረዘ በባለ16 ቢት ይተካ ጀመር። ግማሹን ያህል ከሰረዘ በኋላ ነው ወደ እኔ የመጣው። የጎደለው አንድ ቃል ነበር፤ እርሱም ከትእዛዙ መስመር ላይ እንጂ ከኮዱ አልነበረም፤ በሊኑክስ «ኤልፍ64»፣ በዊንዶውስ «ዊን64»፣ በማክ «ማክኦ64» የሚለው። ቃሉ ሲጨመር የስሞታው ክምር ጠፋ፤ የቀረው ልጁ በገዛ እጁ የሰረዘውን መመለስ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያውን ግልባጭ አስቀምጦ ስለ ነበር ተመስገን ነው።

ከሊንከሩ ዘንድ የሚመጣው ስሞታ በአብዛኛው የስም ጕዳይ ነው። «ኤል ኤን ኬ2019» ማለት በዚህ ስም የተጠራ አለ፣ አቤት የሚል ግን የለም ማለት ነው። በባለ32 ቢት ዊንዶውስ የሲ ቋንቋ በልማዱ በፈንክሽኑ ስም ፊት የግርጌ ሰረዝ ይጨምራል። በማዝም የተጻፈው ኮድ ራስጌ ላይ ደግሞ የሜሞሪውን ሞዴልና የሲን ቋንቋ የሚጠቅስ አንድ መስመር ነበር፤ ያ መስመር ሰረዙን በጸጥታ ይጨምርላችሁ ነበር። ናዝም ያን መስመር አያውቀውምና በትርጕም ጊዜ ይሰረዛል፤ ከእርሱም ጋር ሰረዙ ይሄዳል። እንግዲህ ሲ በአንድ ስም ይጣራል፤ እናንተ በሌላ ስም ተመዝግባችኋል። ሰረዙን በእጅ መጻፍ፣ አለዚያም ናዝም ራሱ እንዲጨምረው በትእዛዙ መስመር ማዘዝ ነው። በባለ64 ቢት ዊንዶውስና በሊኑክስ ግን ሰረዙ የለም፤ በማክ አለ። ስለዚህ ከአንዱ የተቀዳ ማዘዣ ለሌላው አይሆንም። በተጨማሪም ማዝም በልማዱ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ናዝም ይለያል። ማዝም «ፐብሊክ» የሚለውንም ናዝም «ግሎባል» ይለዋል። «ኤል ኤን ኬ1112» ከመጣ ደግሞ ባለ32 ቢቱና ባለ64 ቢቱ ተቀላቅለዋል ማለት ነውና፣ ወደ ማዘዣው ሂዱ።

በሊኑክስ ዘንድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብዙዎች ፕሮግራሙ እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ ብለው ያልፉታል። እኔ አላልፈውም። ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ትእዛዝ እንዳይፈጸም የሚናገር ምልክት በፋይላችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ፣ ሊንከሩ እንዲፈጸም ፈቅዳችኋል ብሎ ሊወስደው ይችላል። ይህም ለሰርጎ ገብ በር ገርበብ አድርጎ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ከ2.39ኛው የቢንዩቲልስ እትም ጀምሮ ሊንከሩ ስለዚህ ነገር ያስጠነቅቃል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ለዚሁ የተሰየመችውን አንዲት ባዶ ክፍል በፋይሉ መጨረሻ መጨመር ነው።

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ የሚጮኽ ስሕተት ነው፤ የሚጮኽ ስሕተት ደግሞ ወዳጅ ነው። አሁን ወደማይጮኸው ልምጣ። የፖስታ ቤት ሣጥን አስቡ። «ድምር» የሚባል ሣጥን አለ፤ በውስጡም 75 የሚል ወረቀት ተቀምጧል። በማዝም «ድምርን ወደ ኤኤክስ ሬጂስተር ውሰድ» ብትሉ፣ ሣጥኑን ከፍቶ 75ን ይሰጣችኋል። ያንኑ መስመር አንድ ፊደል ሳትለውጡ ለናዝም ብትሰጡት ግን፣ የሚሰጣችሁ የሣጥኑን ቍጥር ነው። የውስጡን ከፈለጋችሁ ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። የናዝም ደራሲዎች ይህን ያደረጉት በተንኰል አይደለም፤ አንዱን መስመር ብቻ ያየ ሰው፣ ስሙ ወደ ላይ የት እንደ ተበየነ ሳይፈልግ፣ ምን ትእዛዝ እንደሚወጣ እንዲያውቅ ብለው ነው። እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ። ለተርጓሚው ግን ወጥመድ ነው። በባለ16 ቢት ኮድ የማዝሙ ትእዛዝ 161 ብሎ ሲጀምር የናዝሙ 184 ብሎ ይጀምራል፤ ሁለቱም ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። ርዝመቱ እንኳ አልተለወጠም! አሴምብለሩ አይናገርም፤ ሊንከሩ አይናገርም፤ ፕሮግራሙም ይነሣል፤ የደመወዝ ድምር መሆን በሚገባው ቦታ ግን የሣጥን ቍጥር ይታተማል። ከ2.15ኛው እትሙ ጀምሮ ናዝም ጥቂት የማዝም ቃላትን የሚያስተናግድ ጥቅል አለው፤ ነገር ግን ከሚጮኹት አንዳንዶቹን ዝም ያሰኛል እንጂ ይህን አያቃናም።

ሁለተኛው ዝምተኛ በማዘዣው ውስጥ ያደፈጠ ነው። ሜክ የሚሠራው በሰዓት ነው፤ ምንጩ ፋይል ከኦብጀክት ፋይሉ በኋላ ተለውጦ እንደ ሆነ ብቻ እንደገና ያስገነባል። እናንተ ኮዱን ሳትነኩ በማዘዣው ውስጥ አሴምብለሩን ብትለውጡ ወይም አንድ ቃል ብትጨምሩ፣ ሜክ በልማዱ ይህን አያይምና የትናንቱን ኦብጀክት ፋይል ለሊንከር ያቀብላል። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ደስም ይላችኋል። የሠራው ግን የማዝሙ ነው፤ የናዝሙ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ከማናቸውም ነገር በፊት በማዝም የተገነባውን ለማነጻጸሪያ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩና፣ በሥራው ቦታ የቀሩትን ኦብጀክት ፋይሎች በሙሉ ደምስሱ።

ለተማሪዎቼ የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ትልቁን ኮድ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ቍጥር ብቻ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን በናዝም ጻፉ፤ 7 ትበል። ከሲ ጠርታችኋት 7 ካገኛችሁ፣ የፋይሉ ዐይነትም፣ የስሙ ሰረዝም፣ የሊንከሩም መንገድ ተፈትኗል። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ስሕተት ኮዱን ብትጠረጥሩ አይፈረድባችሁም። ቀጥሎም ሁለቱ አሴምብለሮች ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የወጣለትን ቍጥር የሚያሳይ ዝርዝር እንዲያወጡ ማዘዝ ይቻላልና፣ የማዝሙንና የናዝሙን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አመሳክሩ። ዝርዝሩ ቍጥሮቹን በዐሥራ ስድስት ቤት ይጽፋቸዋል፤ እኔ እዚህ ለንባብ እንዲመች በዐሥር ቤት ጻፍኋቸው። ልዩነት ሁሉ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። ቢኤክስን ወደ ኤኤክስ መውሰድን ማዝም 139፣ 195 ብሎ ሲጽፈው ናዝም 137፣ 216 ይለዋል፤ ፕሮሰሰሩ ለዚህ ሥራ ሁለት አጻጻፍ ስለሚቀበል ሁለቱም ልክ ናቸው። 161 በነበረበት 184 ካያችሁ ግን እዚያ ላይ ቁሙ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ጂደብልዩ ቤዚክ የተባለውን የቀድሞ ፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። ኮዱ ለ8088 ፕሮሰሰር በአሴምብሊ የተጻፈ ሲሆን፣ በፋይሎቹ ራስ ላይ ትርጕሙ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1983 መዘጋጀቱን የሚገልጽ ቃል ይነበባል። ማለት፣ ለየፕሮሰሰሩ የሚሆነው ኮድ በአብዛኛው ከአንድ ዋና ቅጂ በመሣሪያ ይተረጐም ነበር። ታዲያ ኮዱ ሲለቀቅ ማዘዣው አብሮ አልወጣም፤ ተገንብቶ ያለቀውም ፕሮግራም አልነበረበትም። ነፍስ ሊዘሩበት የፈለጉ ሰዎች ከ37 ዓመት በኋላ የትኛው አሴምብለር፣ በምን ትእዛዝ፣ ፋይሎቹስ በምን ተራ እያሉ በሙከራ ይፈልጉ ጀመር። እናንተም ትርጕማችሁን ስታበቁ፣ የአሴምብለሩን ስምና እትም፣ የጠራችሁበትን የትእዛዝ መስመር እንዳለ፣ ሊንከሩ የተቀበላቸውንም ፋይሎች በተራቸው በኮዱ ራስ ላይ ጻፉ። ከአራት መስመር አይበልጥም።