ከፈረሱ በፊት ልጓሙን

ወላጆችና አያቶች፣ ዛሬ ስለ መኪና ላጫውታችሁ ነው። «መኪና የለንም» እንዳትሉኝ፤ ቤታችሁ ልጅ ካለ መኪና አለ፣ ቢያንስ ስልኩ ውስጥ።

የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። በስልክ ጨዋታ ያወቃትን አሜሪካ ሠራሽ የስፖርት መኪና፣ የ1963ቷን ኮርቬት ስቲንግ ሬይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ዝርዝሯን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ስምንት ሲሊንደር፣ 5.4 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሞተር፣ ኃይለኛው ዓይነት 360 የፈረስ ጉልበት፣ አካሏ ከብረት ፈንታ ፋይበር ግላስ። ሁሉም ልክ ነው። «ፍሬኗስ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «አባባ፣ እሱን ማን ያያል?» አለኝ።

ማንም አያይም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የተጫነባት መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ በአራቱም ጎማ የነበራት የታምቡር ፍሬን ነው። የታምቡር ፍሬን ሸራው ውስጥ ሆኖ ታምቡሩን ወደ ውጭ እየገፋ ያቆማል። አንድ ሁለቴ ሲረገጥ ደህና ነው። በፍጥነት እየነዱ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ታምቡሩ ይለጠጣል፣ ሸራው መያዙን ይቀንሳል። እግር ይረግጣል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን መደበኛ ሆኖ የመጣላት በ1965 ነው። ዲስኩ አየር ላይ ስለሚዞርና ሸራዎቹ ከግራና ከቀኝ ስለሚይዙት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ሌላም አለ። የ1963ቷ ባለ ጣሪያ ኮርቬት የኋላ መስታወቷ መሐል ለመሐል በዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ንድፉን የመሩት ቢል ሚቸል ውበቷ እሱ ነው አሉ። መሐንዲሱ ዞራ አርከስ ዳንቶቭ ደግሞ የሹፌሩን የኋላ እይታ ይጋርዳል ብለው ተከራከሩ። ለአንድ ዓመት ውበት አሸነፈ፤ በ1964 ዘንጉ ወጥቶ መስታወቱ አንድ ሆነ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓት ያችኑ የአንድ ዓመቷን ነው። ቆማ ለምትታይ መኪና እይታ ምን ያደርጋል?

የልጁ ታላቅ ወንድም ግን ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማረ ነው። የእሱ መኪና የቆመች አይደለችም፤ መንገድ ላይ የሰው ልጅ አለ። ለእሱ የነገርኩት ሒሳብ ይህ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ይልቅ 100 የሚሄደው ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀትም በዚያው መንገድ ላይ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እግር ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ የሚያልፈው መንገድ በዚህ ላይ ይታከላል።

ስለዚህ ልጃችሁ የመኪና ቁጥር ሲደረድርላችሁ ዝም አታሰኙት፤ ማወቁ መልካም ነው። በጎኑ ሦስት ጥያቄ ጨምሩለት፦ በምን ትቆማለች? ሹፌሩ ወደ ኋላ ምን ያያል? ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ምን ይይዘዋል? የ12 ዓመት ልጅ መልሱን ፈልጎ ያመጣዋል። መንዳት የጀመረው ደግሞ የቤታችሁን መኪና ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ፍሬኑን፣ መስታወቱንና ቀበቶውን በእጁ ነክቶ ያሳያችሁ።

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ልጓሙን ሳይፈትሽ እግሩን እርካብ ላይ አያሳርፍም። 360 ፈረስ ለሚቆጥር ልጅም ልጓሙን ማሳየት የእኛ ሥራ ነው።

ሳምንት ሰው ይበለን።