ቅርፊቱ ብቻውን ምን ይነግረናል?

ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች የጥንት ዕቃ ወሬ ሲነሣ ጉዳዩን ለታሪክ ዲፓርትመንት መተው ይቀናናል። በዱራ ኤውሮፖስ የተገኘው የፈረስ ጥሩር ግን የእኛም ጉዳይ ነው።

ዱራ በምሥራቅ ሶሪያ፣ ፉራት ወንዝ ዳር፣ የሮም ጦር የሰፈረባት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ256 ገደማ የፋርስ ሳሳናውያን ከበቧት፤ ከግንቧ ሥር ዋሻ ቆፈሩ፤ በመጨረሻም ያዟት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1932 የዬል ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳይ ምሁራን በጋራ ሲቆፍሩ፣ «ማማ 19» ባሉት ግንብ ውስጥ የፈረስ ጥሩሮች አገኙ። አንዱ በነሐስ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ መሃሉ ላይ ለኮርቻ የተተወ ክፍት ቦታ አለው።

በመድረሳ ስለ ነቢዩላህ ዳውድ ዐለይሂ ሰላም ጥሩር ስንሰማ በሐሳባችን የምንስለው ቀለበት በቀለበት የተያያዘውን ነው። ይህኛው አሠራሩ ሌላ ነው። ትንንሾቹ ቅርፊቶች ጎን ለጎን በሽቦ ይያያዛሉ፤ ረድፉ ደግሞ በጠፍር ከጨርቅ ጋር ይሰፋል። ረድፎቹ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ይደራረባሉ። ስለዚህ ፍላጻ የሚያርፈው በድርብርብ ላይ ነው፤ ጉልበቱም ለጎረቤት ቅርፊቶች ይከፋፈላል። ድክመቱ ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘር ስለት ነው፤ በመካከላቸው ሊሾልክ ይችላል።

ይህን ያወቅነው ነሐሱ ስለተረፈ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁና ጠፍሩም ስለተረፉ ነው። ነጠላ ቅርፊትማ የሮም ጦር በሰፈረበት ሁሉ ይለቀማል። ቆፋሪዎቹ ጥሩሩን በቁም ፈረስ ላይ ጭነው ፎቶ አንሥተውታል! ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የጥገና ባለሙያ አይገኝም፤ ፎቶውን ስናይ እኛም ለጨርቁ እንሳቀቃለን። ደግነቱ፣ የዕቃውን አገልግሎት የዚያን ያህል የሚያስረዳ ሥዕል የለም።

ጥገና ሲባል ብዙዎቻችን ማሳመር ይመስለናል፤ ዝገቱን ፈግፍጎ ማብረቅ፣ የጎደለውን በአዲስ መሙላት። በእኛ አስተያየት ይህ ማጥፋት ነው። ከነሐስ የሚወጣው የመዳብ ጨው አጠገቡ ያለውን ክር ከመበስበስ ሊጠብቀው ይችላል፤ ዝገቱ ሲፋቅ ክሩም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ግኝት ዛሬ ከነአፈሩ ተነሥቶ ላቦራቶሪ የሚገባው፤ የቅርፊቶቹ አቀማመጥ በኤክስሬይ ከታየ በኋላ ቀስ እያሉ ያጸዱታል። የዝገት ኬሚስትሪ፣ ኤክስሬይ፣ የብረት ድካም፦ ለፈተና ስንሸመድደው የምናድረው ነገር ነው እኮ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ወደዚህም ተመልከቱ።

በሶሪያ ጦርነት ዘመን ዘራፊዎች ዱራን እንደ ወንፊት በሳስተዋታል፤ ጉድጓዶቹ በሳተላይት ምስል ይታያሉ። ዘራፊ የሚፈልገው የሚሸጥ ብረት ነው። ጨርቁን ይጥላል፣ ቅርፊቱን ይበትናል። ያ ቅርፊት ነገ በአንድ ሱቅ መስኮት ቢገኝ እንኳ ከየትኛው ረድፍ፣ ከማን ፈረስ ላይ እንደነበር የሚመልስ ላቦራቶሪ የለም። ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚገዛውም ሰው ከቆፋሪው እኩል ተጠያቂ ነው እንላለን።