ራያ በፊልም ስትራብ እንጂ ስታፈቅር አልታየችም

«ዶክተር ዢቫጎ»ን መጀመሪያ ያየሁት ራያ ቆቦ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው አግዳሚ። የቆቦን ሙቀት የቀመሰ ሰው፣ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ቤት ተፋፍጎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እኛ በላብ ተጠምቀን የሩሲያን በረዶ እናያለን። እንግሊዝኛውን አጣርቶ የሚሰማ ስላልነበረ ባለ ቪዲዮ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ በራሱ መላ ያስተረጉምልናል፤ «ይቺ ሚስቱ ናት፤ ያቺ ውሽማው ናት፤ እነዚህ ደግሞ አብዮተኞቹ ናቸው።» ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገንም። ሰውየው ከሁለት ሴት መሀል ተወጥሮ ሳለ መብራት ጠፋ፤ መጨረሻውን ሳናይ ቀረን። ሒሳባችንም አልተመለሰልንም።

መጨረሻውን ያየሁት ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ነው። ያኔ ነው ያ ሁሉ በረዶ የሩሲያ በረዶ አለመሆኑን የተረዳሁት። ዴቪድ ሊን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውን ፊልም በአብዛኛው የቀረጸው ስፔን ነው፤ ሩሲያ ውስጥ መቅረጽ አልቻለም። ውስጡ በበረዶ ተጋግሮ የምናየው ያ የገጠር ቤትም በረዶው ሰም ነው፤ ቀልጦ የረጋ የንብ ሰም። ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? ሰሙ የእውነት ሰም ነበር። ወርቁ ግን አልተጭበረበረም፦ አብዮት የመጣበት ሰው፣ የሚወዳትን ሴት በየባቡር ጣቢያው ሲያጣና ሲያገኝ፣ በመጨረሻም ሲያጣ።

በእርግጥ ያንን ፊልም ዛሬ ሳየው ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አብዮቱ ለፍቅረኞቹ ማልቀሻ የተሰቀለ መጋረጃ መስሎ ይሰማኛል። የተራበው ሕዝብ ከኋላ ያልፋል፤ ካሜራው ግን ከዑመር ሸሪፍ እንባ ያቀረረ ዓይን አይነቀልም። የመጽሐፉ ደራሲ ቦሪስ ፓስተርናክ የከፈለው ዋጋ ከዚህ ይከብዳል። ልብ ወለዱ በገዛ አገሩ ታግዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ጣሊያን ውስጥ ታተመ፤ በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው መንግሥቱ አስጨንቆ «አልቀበልም» አሰኘው። እኛ ይህንን ታሪክ ስንሰማ ብዙም አንገረምም። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አወጣ። በቀይ ኮከብ ዘመቻ መሀል፣ አስመራ ላይ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ፊያሜታን ይወዳል። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ፓስተርናክ ሽልማቱን ተነጠቀ፤ በዓሉ ግን መቃብር እንኳ የለውም።

ለእኛ ለወሎዎች አብዮትና ፊልም የተዋወቁት ደግሞ በሌላ በር ነው። ሌላው አገር አብዮቱ ካለፈ በኋላ ፊልም ይሠራለታል። እኛ ዘንድ ፊልሙ ነው አብዮቱን ቀድሞ የመጣው። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ሥራ የሠራ ሌላ ፊልም አላውቅም። ረሃቡን ይደብቁ የነበሩት ሰዎች ያገኙትም የእጃቸውን ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት ሞላ። መስከረም 2 ቀን 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን አከበረ፤ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓም በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመፈክር ተሸልማ ሳለ፣ ከቆቦ አላማጣ አልፎ የግራ ካሕሱን ዳገት ከወጡ በኋላ የምትገኘው ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው፣ በተራበ ሰው ተጥለቅልቃ ነበር። ጥቅምት 13 ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ያነሱት ምስል በቢቢሲ ታየ። ዓለም ዘፈነልን፤ ገንዘብ አዋጣልን። ንጉሡን በወሎ ረሃብ ከሶ ያወረደ መንግሥት፣ በዚያው ወሎ፣ በዚያው ረሃብ ተያዘ።

እንግዲህ የኛ አገር በስክሪን ላይ ያላት ዶሴ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ቀረብን፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጋድመን። ካሜራው ከእኛ የሚፈልገው ዓይንና የጎድን አጥንት ነበር። ያ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሰውዬ፣ ከስድስት ወር በፊት ጎፈሬውን ቅቤ አጠጥቶ ገበያ የወረደ ጎረምሳ እንደነበር ማን ጠየቀው? ማንን ሊያይ እንደወረደስ?

አክስቴ ጠይቃዋለች። እሷ በ1977 የታጨች ልጅ ነበረች። ጥሎሹ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል፤ ዝናቡ ግን ቀረ፣ ማሽላው በአገዳው ደረቀ፤ ሰርጉ «ለከርሞ» ተባለ። እጮኛዋ ለእርዳታ እህል እንደተሰለፈ ለሰፈራ ተጫነ። በዚያ ዘመን 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተግዟል፤ ከእነዚህ መሀል አንዱ የእሷ ነው። ጋምቤላ ይሁን መተከል፣ ወለጋ ይሁን ከፋ አታውቅም። ለዓመታት ከምዕራብ የመጣ ሾፌር በሰማች ቁጥር ቡና አፍልታ ትጠይቃለች። ኋላ ሌላ ደግ ሰው አግብታ ወለደች፤ ከበደች። አንድ ቀን ስለዚያ ዘመን ረሃብ ልጠይቃት ማስታወሻ ደብተር ይዤ ብቀመጥ፣ «ረሃቡንማ ረሳሁት ልጄ፤ ያ ሰው ነው ያልወጣልኝ» አለችኝ። ደብተሬን አጠፍኩት።

በረሃብና በጥይት መሀል ስለ ፍቅር ማውራት ቅንጦት ነው ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ እሷ ናት።

የአገራችን ፊልም ፍቅር አጥቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ከፍቅር በቀር ሌላ የለውም ብዬ የማማርር ሰው ነበርኩ። ችግሩ ፍቅሩ ቦሌ አካባቢ ባለ ካፌ ተጀምሮ ቦሌ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ማለቁ ነው። በዚያ ፍቅር መሀል ታሪክ አያልፍም፤ መብራት እንኳ አይጠፋም። ከዚህ መንጋ ተለይቶ የቆመው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ዋና ሽልማት፣ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ አሸነፈ። አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ ደርግን አይቶ፣ እግሩንና ግማሽ ትዝታውን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቶች ልጆቻቸውን ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ዋሻ ውስጥ ይደብቃሉ። አዛኑ የምትባል፣ መንደሩ ያገለላት ሴት አለች። ፍቅራቸው የሚመጣው በመጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ከፈራረሰ በኋላ ነው፤ እንደ ስሙ እንደ ጤዛ በንጋት ይታያል፣ ፀሐይ ስትወጣ ፊልሙ ያልቃል። የዢቫጎ ጥፋት አብዮቱን መጋረጃ ማድረጉ ነው ካልኩ፣ የ«ጤዛ» ጥፋት ደግሞ ፍቅሩን አስርቦ ማሳደሩ ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ጣና ዳር እሄዳለሁ።

የምመኘው ፊልም የሚጀምረው ራያ ቆላ ላይ ነው፣ በ1968 መስከረም። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር በትኗል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከመሬቱ ጌታ አላቋል። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ካኪውን ለብሶ ቆቦ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ግንብ፣ መሀል ላይ ማሽላ፣ እስከ ዓይን ማየት ድረስ ማሽላ። ማሳው መሀል ማማ አለ፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘች ልጅ ወፍ ትጠብቃለች። እንዲህ ባሉ ፊልሞች ውስጥ ሁልጊዜ ተማሪው ነው ፊደል የሚያስቆጥራት። እኔ ግን እሷ ወንጭፍ ስታስተምረው ማየት እፈልጋለሁ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ የራሱን ጆሮ ሲመታው፣ እሷም እስክታነባ ስትስቅ። አብዮቱን ከዚህ በኋላ አምጡት። ዘማቹ ኢሕአፓ ተብሎ ይታደን፤ እሷ በ1977 ለእህል ትሰለፍ። ተመልካቹ ያኔ የሚያየው የተራበ ሕዝብ ሳይሆን፣ ያንን ሳቅ የሳቀችውን ልጅ ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው ፊት ማን እንደሆነ ያውቃል።

ሙዚቃው ችግር የለውም፤ አገሩ ራያ ነው። የጊዜው ምልክትም በእጃችን ነው። በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የቆቦ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ከበሮ አንግተው ሶለል ይጨፍራሉ። ላስታ አሸንድዬ የሚለው፣ ዋግ ሻደይ የሚለው ነው። ለልጃገረድ ነፃ ቀኗ ነው፤ ትዘፍናለች፣ ትታያለች፣ ትመርጣለች። ንጉሥ ወርዶ ደርግ ሲገባ ሶለል ነበረ፤ ደርግ ወድቆ ሌላው ሲገባም ሶለል ነበረ። የፊልም ጸሐፊ ዘመን የሚያሻግር ክር ከፈለገ ከዚህ የተሻለ የት ያገኛል?

ይህን ክር ግን እንደ ጌጥ ብቻ እንዳታዩት። በሰሜኑ ጦርነት ለአምስት ወር ጋብ ብሎ የነበረው ውጊያ ዳግም የተቀሰቀሰው ቆቦ ዙሪያ ነው፤ ቀኑም ነሐሴ 18 ቀን 2014፣ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን። በዚያ ሳምንት ስንቷ ልጅ የተሠራችውን ሹሩባ ይዛ ተሰዳለች። የትኛው ጎረምሳ የትኛዋን ልጅ ሊያይ አስቦ እንደነበር ዜናው አልነገረንም፤ የዜና ሥራም አይደለም። ዜናው ስንት ከተማ እንደተያዘና ስንቱ እንደተለቀቀ ነገረን። አክስቴ ያንን ሳምንት ከልጅ ልጆቿ ጋር በእግሯ ወጥታ ወልድያ ላይ ስታልፍ፣ ስለ ቤቷ ሳይሆን ስለ ታጨችው የልጅ ልጇ ነበር የምትጨነቀው፤ «ይቺም እንደኔ ልትሆን ነው» እያለች። ደግነቱ አልሆነችም። ልጁ ተገኘ፤ ተጋቡ።

ፊልም ሠሪዎቻችን፣ ይህ ልመና ነው። ሁለት ጊዜ የውጭ ሰዎች መጥተው ስንሞት ቀርጸውናል፤ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። የቀረው የእናንተ ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ማማው አለ፣ ወንጭፉ አለ፣ አክስቴም ቡና ታፈላለች። ሶለል ነሐሴ 16 ይገባል።