በኪሎ ከመሸጧ በፊት

ባለፈው ክረምት እምድብር ባለው ግቢያችን፣ ከእንሰቱ ጎን፣ አንዲት አሮጌ የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ተገልብጣ ከረመች። ከዝዋይ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣት የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚያ ዓሣ እየተረከበ ወደ ቡታጅራ ያመላልሳል። እንደምታውቁት እምድብር ሐይቅ የላትም። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን «የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሰንበት ትምህርት ልጆች ደግሞ «ፓስተር መርከብ ሊሠሩ ነው!» እያሉ ሳቁብኝ። ኖኅ የሰማውን እኔም ልስማ ብዬ ዝም አልኩ።

ጀልባዋ ልትሸጥ የነበረው በኪሎ ነው። አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ይሆናል፤ ቁራሌውም ዋጋ ቆርጦላት ነበር። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው በእኛ አገር የሚጣል ብረት እንደሌለ ያውቃል፤ ለዚያ ሙያ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን ማቅለጥ መጠገን አይደለም። የቀለጠች ጀልባ ድስት ልትሆን ትችላለች፤ ተመልሳ ሐይቅ ላይ አትወጣም።

የመጀመሪያው ሥራ የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘት ነው። ጀልባዋን ቀና አድርገን በወፍራም አጣናዎች ላይ አስቀመጥናትና በባልዲ ውሃ ወደ ውስጧ ጨመርን። ሐይቅ ላይ ውሃ በሚገባበት ሁሉ እዚህ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። የእህቴ ልጅ ከሥሯ ተንበርክኮ የሚንጠባጠበውን ቦታ በጠመኔ ያከብበዋል። ዝም ብሎ መሙላት ግን አደገኛ ነው፤ 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነው፣ ከሥር በደንብ ያልተደገፈችን ጀልባ ያጎብጣታል። ጥቂት በጥቂት ነው የሚጨመረው። 16 ክብ ቆጠርኩ። አብዛኞቹ ቀዳዳ አልነበሩም፤ የላሉ ሪቬቶች ነበሩ። አንዱ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል፣ የላላው ይጠብቃል። ለቁራሌ የተፈረደባት ጀልባ አብዛኛው አካሏ ጤነኛ ነበር።

አንድ ቦታ ግን በእውነት ተበልታለች። ከዚህ በፊት የጠገናት ሰው የተጠቀመው የብረት ቡሎን ነበር። ብረትና አሉሚኒየም ውሃ ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ መዳብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበረ፤ በጣቴ ስጫነው ዘለቀ። ጀልባዋን የጎዳት ጥገናው ነበር።

የከተማችን በያጆች በብረት በርና መስኮት የተካኑ ናቸው። አሉሚኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ በ660 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ፣ ላዩን የሸፈነው ስስ ቅርፊት ከ2000 ዲግሪ በላይ ካላገኘ አይቀልጥም። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ቀለሙን ሳይለውጥ ድንገት ይፈሳል። በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው አጣን። ስለዚህ ተበልቶ የነበረውን ቦታ ጠርገን፣ ከላዩ የአሉሚኒየም ልጥፍ በአሉሚኒየም ሪቬት አሰርንበት።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ጣውላ በስብሶ ስለነበር በአዲስ ኮምፔንሳቶ ቀየርነው። ክርክር የተነሣው በአግዳሚ መቀመጫዎቹ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ለዓሣው ቦታ እንዲሰፋ ቆርጠን እናውጣቸው አለ። እነርሱ ግን ግራና ቀኝ ጎኗን የያዙ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፎምም ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንዳትሰምጥ ያደርጋታል። «አጎቴ፣ እርስዎ የሚያውቁት ስብከት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያሸነፍኩትም እኔ ሳልሆን በስልክ ያማከርነው አንድ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ውሃ የጠጣውን ፎም ቀይረን መቀመጫዎቹን በቦታቸው ተውናቸው፤ ከፊት ለመረብ የሚሆን ዝቅ ያለ መደርደሪያ ብቻ ጨመርን።

በ1986 እ.ኤ.አ. ድርቅ የገሊላን ሐይቅ ባሸሸው ጊዜ፣ ሁለት ወንድማማቾች ዓሣ አጥማጆች ከጭቃ ውስጥ በጌታ ዘመን ገደማ ያገለገለች ጀልባ አገኙ። ርዝመቷ 8.2 ሜትር ነው። ያጠኗት ሰዎች ከአሥር ያላነሱ የእንጨት ዓይነቶች አገኙባት፤ ከሌላ ጀልባ በወጣ እንጨት ሳይቀር ደጋግማ ተጠግናለች። ጴጥሮስና ዮሐንስ ያደጉበት ሙያ ግማሹ ጥገና ነበር ማለት ነው። በማርቆስ 1፥19 የዘብዴዎስ ልጆች በታንኳ ውስጥ በመረባቸው ላይ የሚሠሩትን ሥራ የሚገልጸው የግሪክ ቃል ካታርቲዞ ነው። ጳውሎስም በገላትያ 6፥1 በበደል ለተያዘ ወንድም ምን እንድናደርግለት ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ይህን በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በፈተናም መልሼዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ግን በሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጬ የአንድ ወጣት አገልጋይ እገዳ ደብዳቤ ላይ ፈርሜአለሁ። ጥፋቱ እውነት ነበር፤ ደብዳቤውን ዛሬም እፈርመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ ቤቱን አላንኳኳሁም። ውሃ አፍስሼ የላላው የቱ እንደሆነ አልፈለግሁም፤ ባለበት በኪሎ መዘንኩት። ወገኖቼ፣ በአብያተ ክርስቲያናችን እየበዛ ያየሁት ይህ ነው፦ ተግሣጽ አለን፣ ተከትሎት ሊመጣ የሚገባው መዶሻና ድጋፍ ግን የለንም። ሌሎች ደግሞ የወደቀውን ሰው በወሩ መድረክ ላይ ያቆሙታል፤ ያም የብረት ቡሎን ነው፣ ሲቆይ ይበላዋል።

ባለፈው ሰኞ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት። «ፓስተር፣ በሰላም ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ደንግጧል። የምለው ጠፋኝና ስለ ጀልባዋ አወራሁለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ታዲያ ሐይቅ ገባች?» አለኝ።

«ገና ነች» አልኩት። «አንድ ሪቬት አሁንም ያንጠባጥባል።»