ስለ ተማሪዎች ልብስና ስለ ክረምት መግቢያ

ልብስ ለሰው ልጅ ሦስት ጥቅም ይሰጠዋል፤ ይኸውም ዕርቃኑን ይሸፍንለታል፥ ከብርድና ከፀሓይ ይጠብቀዋል፥ በሰውም መካከል ማንነቱን ያስታውቅለታል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሁለቱን የሚዘነጋ ደንብ፥ ሐሳቡ መልካም ቢሆን እንኳ ፍሬው የጐደለ ይሆናል። ዩኒፎርም እየተባለ የሚጠራው የተማሪዎች የደንብ ልብስም፥ ይልቁንም የትምህርቱ ዘመን ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ሊመረመር የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

በዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ ዳሩ ግን በደጋው አገር ዝናሙና ብርዱ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ አስቀድመው እንደሚደርሱ ማንም ያውቀዋል። ሰኔ ደግሞ ተማሪው ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር በፈተና የሚመዘንበት ወር ነው። እንግዲህ ተማሪ ደኅና ልብስ ከመቼውም ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ወር ሲሆን፥ በመስከረም አዲስ የነበረው ልብሱ ከመቼውም ይልቅ አርጅቶና አጥሮ የሚገኘው በዚሁ ወር ነው።

ይህን ለመረዳት በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ የሚገኘውን ልጅ መመልከት ይበቃል። ልጅ ወደ ጕልማሳነት በሚሻገርበት ጊዜ ቁመቱ በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በመስከረም ቍርጭምጭሚቱን ይሸፍን የነበረው ሱሪ በሰኔ ወደ ባቱ ይወጣል፤ የሸሚዙ እጅጌ ከእጁ አንጓ በላይ ይቀራል፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ይበሳል፤ ጫማውም ጣቶቹን መያዝ ያቅተዋል። የሴቲቱም ተማሪ ጕርድ ቀሚስ እንደዚሁ ከጕልበቷ በላይ እየወጣ ያሳፍራታል። ይህም በሆነ ጊዜ ሆን ብላ ያሳጠረችው እየመሰለ የሚወቅሳት ብዙ ነው እንጂ፥ አካሏ እንዳደገ የሚያስብላት ጥቂት ነው።

የድኻ ልጅ የትምህርት ቤት ልብሱ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ይታጠባል፥ እሑድ ይደርቃል፥ ሰኞ ይለበሳል። በበጋ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይፈጸማል። በሰኔ ግን ቅዳሜና እሑድ ፀሓይ ሳትታይ ያልፉና፥ እናቲቱ የልጇን ሹራብ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ስታገላብጥ ታመሻለች። ሲነጋም ልጁ ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ርጥቡን ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፥ ወይም ቤት ውስጥ የተገኘውን የሌላ ቀለም ሹራብ ደርቦ ይሄዳል። በርጥቡ ቢሄድ ይታመማል፤ በሌላው ቢሄድ ዘበኛው ከደጅ ይመልሰዋል።

ከደጅ መመለስ ማለት ምን እንደ ሆነ በሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል። ያ ልጅ በዚያ ቀን ያጣው አንድ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት ብቻ አይደለም። ወደ ቤቱ ተመልሶ፥ እናቱ ለቀን ሥራ ወጥታ ደጁን ተቈልፎ ያገኘዋል፤ ወይም እናቱን እንዳያሳዝን ብሎ ከቤቱ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ የሚውልበት ስፍራ አደባባይና ፑል ቤት ነው። በማግሥቱም ያመለጠው ትምህርት ስለ ከበደው ወደ ኋላ ይላል። ፈተናው ሲደርስ የሰነፈ ይመስላል፤ ክረምቱ ሲገባ ጫማ ጠራጊ ወይም ተሸካሚ ሆኖ ጥቂት ሳንቲም ይለምዳል፤ መስከረም ሲጠባ ግን ስሙ ከመዝገብ ላይ ታጥቶ ይገኛል። የልብሱ ቀለም ስለ ተለየ ልጁ ከቀለም ትምህርት እንዲለይ መፍረድ፥ ለአገር ምን ያህል ጕዳት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የደንብ ልብስ ግን በመጀመሪያ የተሠራው ለዚህ አልነበረም። ይህም ነገር በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ ሊቃውንት እንደሚያውቁት፥ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቍራሹን ለምኖ ይማር ነበር። ያ የበግ ቈዳ ሦስቱንም የልብስ ጥቅም አሟልቶ ይሰጠው ነበር፤ ገላውን ይሸፍናል፥ በሌሊት ከቍር ያድነዋል፥ በመንገድም ያየው ሁሉ ተማሪ መሆኑን ዐውቆ ይራራለታል። የባለጸጋውም ልጅ የድኻውም ልጅ ከጐጆው ሲገቡ መልካቸው አንድ ነበረ። የኔታም የሚጠይቁት ቀለሙን ያዘ ወይ ብለው እንጂ ደበሎው አዲስ ነው ወይ ብለው አልነበረም።

በሌላውም አገር ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1552 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት፥ ከለንደን ድኾች መካከል ለተሰበሰቡ ልጆች ረዥም ሰማያዊ ካፖርት ያለብሳቸው ነበር። ልብሱ ከትምህርት ቤቱ የሚሰጥ እንጂ ልጁ ገዝቶ ካልመጣ ከደጅ የሚመለስበት አልነበረም። ያ ሰማያዊ ካፖርት እስከ ዛሬ ይለበሳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ የደንብ ልብስ ጥንቱን የታሰበው የታረዘው ልጅ ከሌሎቹ ጋር ተካክሎ እንዲቀመጥ ለማድረግ ነው።

ይህንኑ ሐሳብ በመከተል የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና ደብተር ያለ ዋጋ ማደል መጀመሩ የሚመሰገን ሥራ ነው። ብዙ እናቶች በመስከረም ከሚጨነቁበት ነገር አንዱ ቀለለላቸው። የዚህም ዓይነት ርዳታ ጥቅሙ ለዓይን ብቻ እንዳልሆነ በጐረቤት አገር በኬንያ ተመርምሮ ታውቋል። በ2003 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በምዕራብ ኬንያ 328 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአራት ወገን ተከፍለው፥ በሁለቱ ወገን ለሚገኙ የስድስተኛ ክፍል ልጆች የደንብ ልብስ በነጻ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቈጠር፥ ልብስ ብቻ ከተሰጣቸው ልጆች መካከል ትምህርታቸውን የተዉት ምንም ካልተሰጣቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከሴቶቹም ልጆች ያለ ዕድሜያቸው የሚያገቡትና የሚያረግዙት ቍጥር ቀነሰ። አንድ ሹራብና አንድ ቀሚስ የአንዲትን ልጅ የሕይወት መንገድ ሊያቀኑ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ ልብስ መስጠት ልጅን በትምህርት ቤት የሚያጸና ከሆነ፥ በልብስ ምክንያት ከደጅ መመለስ ደግሞ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያርቅ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አይጠይቅም። የደንብ ልብስ ስለ ተማሪው ተሠራ እንጂ ተማሪው ስለ ደንብ ልብስ አልተሠራም።

ዳሩ ግን የትምህርት ቤት ሹማምንትም የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ከንቱ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ደንቡ ከላላ፥ ተማሪ ያልሆነ ሰው ከተማሪ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ግቢ ይገባል ይላሉ። ደግሞም ባለጸጋው ልጅ ልብሱን እያማረጠ ድኻውን ያሳቅቃል፥ ለአንዱ የተፈቀደው ለሁሉ ይፈቀድና ሥርዓት ይፈርሳል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓትን ለመጠበቅ ልጁን ወደ መንገድ መመለስ ብቸኛው ዘዴ አይደለም። ተማሪነቱ በመታወቂያ ወረቀቱ ይረጋገጣል፤ ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ስለ ልብሱ የሚጠየቁት ወላጆቹ ይጠራሉ። እንዲህ ሲሆን፥ ልብስ እያለው በእንቢተኝነት የተወው ልጅ ይታወቃል፥ ልብስ ያጣውም ልጅ ይታወቃል። ሁለቱን በአንድነት ከደጅ የሚመልስ ዘበኛ ግን አንዱን ከሌላው ለመለየት አይችልም፤ ሳይለዩ መፍረድም ፍርድ አይባልም።

ደንብ እንደ ወራቱ ሊለወጥ የሚችል መሆኑንም ከጃፓኖች መማር ይቻላል። የጃፓን ትምህርት ቤቶች በሥርዓት አክባሪነታቸው የታወቁ ሲሆኑ፥ በልማዳቸው በጁን 1 ቀን የብርዱን ወራት ልብስ አስቀምጠው ስስ ልብስ ይለብሳሉ፤ በኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ ወደ ወፍራሙ ይመለሳሉ። ይህ ለውጥ ሥርዓታቸውን አላፈረሰውም፥ እንዲያውም አጸናው እንጂ። በእነርሱ ዘንድ በጁን ሙቀት ስለሚመጣ ልብስ ይቀንሳሉ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን በዚያው ወር ብርድ ስለሚመጣ ልብስ መጨመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ፥ ከደንቡ ልብስ በላይ ማንኛውንም ቀለም ያለው ካፖርት ወይም ሹራብ መደረብ የተፈቀደ ነው ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ቢለጠፍ፥ ለመንግሥት አንድ ብር እንኳ ሳያስወጣ ብዙ ልጆችን ከብርድና ከኀፍረት ያድናል።

ስለ ወጣቶቹም ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መመሳሰልንም ከእነርሱ መለየትንም በአንድነት ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ሱሪውን ለሰፊ ሰጥቶ ያስጠብባል፥ ሌላው ሹራቡን ከወገቡ ላይ ያስራል፥ ሌላይቱም የጫማዋን ክር ቀለም ትለውጣለች። ይህ የልጅነት ጠባይ ስለ ሆነ በቍጣ ሳይሆን በትዕግሥት ሊታረም ይገባዋል። ነገር ግን የትምህርት ማለቂያ ሲቃረብ የሚደረገው የደስታ ቀን ወጪው ከዓመት ወደ ዓመት ሲከብድ ይታያል። ለዚያ ለአንድ ቀን ብቻ የሚለበስ ከነቴራ ይታዘዛል፥ ገንዘብ ይዋጣል፥ ማዋጣት ያልቻለውም ልጅ ያን ቀን ታምሜአለሁ ብሎ ከቤቱ ይውላል። ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ዓመት ሙሉ የደንብ ልብስ ድኻና ሀብታምን አስተካክሎ ከቈየ በኋላ፥ በመጨረሻዋ ቀን ልዩነቱ ተመልሶ እንዲታይ ማድረግ የዓመቱን ድካም ማፍረስ ነው።

ከዚህም ጋር ትምህርታቸውን የሚፈጽሙት ተማሪዎች በመጨረሻው ቀን በነጭ ሸሚዛቸው ላይ ስማቸውንና የመለያያ ቃላቸውን በቀለም የሚጽፉበት ልማድ አለ። የመለያየት ፍቅር ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ያ ሸሚዝ ታጥቦ ቢቀመጥ፥ በመስከረም ለሚመጣው ለታናሽ ወንድም ወይም ለጐረቤት ልጅ አንድ ዓመት የሚያገለግል ልብስ ነበር። ታላላቆቻቸው ኦቶግራፍ በሚባለው ደብተር ላይ ይጻጻፉ ነበር። ደብተሩ እስከ ሽምግልና ይቀመጣል፤ ሸሚዙ ግን በክረምቱ ውስጥ የወለል መወልወያ ይሆናል። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ቢነገራቸው የማይገባቸው አይደለም፤ ወጣት ለቸርነት የፈጠነ ልብ አለውና።

እንግዲህ በዚህ ወር ሊሠራ የሚቻለው ነገር ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ወይም አንድ ሣጥን ይመደብ። ትምህርታቸውን ፈጽመው የሚወጡት ልጆች፥ እንዲሁም ልብሳቸው ያጠራቸው፥ የሚያገለግለውን ሹራብ፥ ሱሪ፥ ቀሚስና ጫማ አጥበው ለመምህራን ያስረክቡ። ልብሱም በክረምት ተጠግኖና በቁመት ተለይቶ ይቈይ። በመስከረም ሲታደል ለማን እንደ ተሰጠ በአደባባይ አይነገር፤ ስጦታ ተቀባዩን የሚያሳፍር ከሆነ በረከቱ ይጐድላልና። የከተማ አስተዳደሮችም ልብስ ሲያሰፉ፥ የሱሪውና የቀሚሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሰፋ ብሎ ታጥፎ እንዲሰፋ ቢያዙ፥ ልጁ ሲያድግ እናቱ ፈትታ ታስረዝመዋለች፤ ይህ ማንኛውም ልብስ ሰፊ የሚያውቀው ጥበብ ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የታረዘውን ማልበስ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ እንደ ሆነ ለእነርሱ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን በሰበካቸው የትኛይቱ መበለት ልጇን በርጥብ ሹራብ እንደምትልክ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሰንበቴውና ማኅበሩ ከድግሱ ጥቂት ቀንሶ የሁለት ልጆች ጫማ ቢገዛ፥ ድግሱ አልጐደለም፥ ሞላ እንጂ።

ሹማምንት ደንብ ያወጣሉ፤ ዘበኛ ደንብ ይጠብቃል፤ መምህር ግን ልጅን ይጠብቃል። ሦስቱ እንዳይጋጩ ማድረግ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሥራ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬ የጐጆውን ክዳን አስቀድሞ ያያል፤ የሚያፈስሰውን ስፍራ ሳይደፍን ዝናም ቢመጣበት ጥፋቱ የሰማይ አይደለም። የትምህርት ቤት ደጅም እንደዚሁ ከዝናሙ በፊት መታየት አለበት። ያጠረ ሱሪ የለበሰ ልጅ በሰኔ ጧት ደብተሩን ከብብቱ ሸጕጦ ከዚያ ደጅ ሲደርስ፥ የሚጠየቀው ቀለሙን ያዘ ወይ ተብሎ ብቻ ይሁን።