የዩኒቨርሲቲ ታሪክ በማን መዝገብ ይጠበቃል? ከኢየሱሳውያኑ ኮሌጅ እስከ ራያ ቆቦ ቆላ

የአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መሥራቾቹ፣ ስለ ሕንፃዎቹና ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ነው። ታሪኩ የሰፈረባቸው ወረቀቶች የት እንዳሉ፣ ማን እንዳስቀመጣቸውና ለማን እንደሚደርሱ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ ይህንኑ የሚመለከት ነው። የዩኒቨርሲቲ መዝገብ የተቋሙ የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎቹ የወጡበትና ተመራማሪዎቹ የተመላለሱበት አገር ታሪክም ነው። ስለዚህ እንደ ቆቦና እንደ ራያ ቆላ ያሉ፣ ስለ ራሳቸው የተጻፈ ሰነድ በቅርባቸው የማያገኙ አካባቢዎች በመዝገቡ አጠባበቅ ላይ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ለማየት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ማስታወስ ይጠቅማል። ኮሌጁ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር አመራሩ የተሰጠው ለካናዳ ኢየሱሳውያን ነበር። እነዚህ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዘው የመጡ ሲሆኑ፣ አለቃቸው ሉሲየን ማት የኮሌጁ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነዋል። ኢየሱሳውያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገሪቱ ትተውት የሄዱት ትዝታ መራራ ስለ ነበር፣ አዲሶቹ መምህራን የክህነት ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ተወስኖ ነበር። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከአብዮቱ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በሕግ ረገድ ተቋሙ የመንግሥት ነበር፤ በዕለት ተዕለት አሠራሩ ግን ለአሥር ዓመታት ያህል የኢየሱሳውያን እጅ ያረፈበት ኮሌጅ ነው።

በዚህ ምክንያት የዚያ ዘመን ታሪክ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለው። አንደኛው ተቋሙ እንደ ተቋም የሚያፈራው ነው፤ የተማሪዎች መመዝገቢያ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ የፈተና ውጤት። ሁለተኛው መምህራኑ እንደ ማኅበር አባልነታቸው ለአለቆቻቸው የሚጽፉት ነው። የካናዳ ኢየሱሳውያን ቤተ መዛግብት የሚገኘው በሞንትሪያል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ኮሌጃችንን ታሪክ በሙሉ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ስድስት ኪሎን ብቻ ሳይሆን ሞንትሪያልንም ማሰብ ግድ ይለዋል።

ይህ መዝገብን የመጠበቅ ልማድ በካናዳውያኑ አልተጀመረም። የኢየሱስ ማኅበር ከተመሠረተበት ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሩቅ አገር ያሉ አባላቱ የሥራቸውን ዘገባ በየጊዜው ለአለቆቻቸው እንዲልኩ ያዝዝ ነበር። መርከብ ሊሰጥም፣ መልእክተኛ ሊያዝ ስለሚችል አንዱ ደብዳቤ በበርካታ ግልባጭ ተጽፎ በተለያየ መንገድ ይላካል። የዚህ ሥርዓት ውጤት በእኛው ታሪክ ይታያል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚሲዮናውያኑን ከአገር ካስወጡ በኋላ ተልእኳቸው ፈረሰ፤ ጽሑፋቸው ግን አልጠፋም። ካሚሎ ቤካሪ የተባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1917 ባሉት ዓመታት ሰነዶቹን ሰብስቦ በ15 ቅጾች አሳተማቸው። ፔድሮ ፓኤዝ እዚሁ አገር ተቀምጦ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ለኅትመት የበቃው በዚያ ሥራ አማካይነት፣ ከተጻፈ 300 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ በፖለቲካ የተሸነፈው ወገን በመዝገብ ጸንቶ መኖሩን እናያለን። የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያጠና ሰው የንጉሡን ዜና መዋዕል ቢያነብም የኢየሱሳውያኑን ደብዳቤ ሳይጠቅስ አያልፍም። በሌላ በኩል፣ የጻፈው ወገን ያላየው ወይም ሊያይ ያልፈለገው ነገር ከታሪኩ ውጭ መቅረቱን እናያለን። ማስረጃ የሚተርፈው ዋጋው ስለ ከበደ ብቻ አይደለም፤ እንዲጻፍ፣ እንዲገለበጥና በታወቀ ቦታ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሥርዓት ስላለው ነው። የማኅበሩን ዓላማ ተቀበልንም አልተቀበልን ይህን ሥርዓት ልንማርበት እንችላለን።

አሁን ዓይናችንን ወደ ራያ ቆላ እንመልስ። ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የቆቦ ሜዳ በማሽላው የታወቀ፣ በዝናብ እጥረትም ደጋግሞ የተፈተነ አገር ነው። ይህ አገር በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ ከምንገምተው በላይ ቦታ ሊኖረው የሚችልባቸው በርካታ መንገዶች ነበሩ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር መሥርተው የየትውልድ አካባቢያቸውን ልማድ በአጫጭር ጽሑፎች በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በበረታና ረሃብተኛው በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች በተሰበሰበ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለግቢው ማኅበረሰብ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላም የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የግብርና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይህን አካባቢ መሠረት አድርገው ጽፈዋል።

እነዚህ ሁሉ በየፈርጁ የተቀመጡት እንደ ተማሪ ሥራ ወይም እንደ አስተዳደር ወረቀት ነው፤ እንደ ቆቦ ታሪክ ምንጭ አይደለም። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። የመጽሐፍት ቤቶቻችን ማውጫ በጸሐፊ፣ በርእስና በትምህርት ክፍል ይፈልግልናል፤ በቦታ ግን አይረዳንም። የቦታ ስም ደግሞ ከአስተዳደር ጋር ይለዋወጣል። ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን ራያ ቆቦ ወረዳ የምንለው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዘመን የራያና ቆቦ አውራጃ አካል ነበር። በውጭ ቋንቋ በተጻፉ ሰነዶች ደግሞ የቆቦም የራያም ስም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ስም ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚፈልገውን በከፊል ያጣል፤ ከዚያም «ስለዚህ አካባቢ የተጻፈ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዐረፍተ ነገር በየመመረቂያ ጽሑፉ መግቢያ ላይ ሲደጋገም እናነባለን። ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ግን የጥናቱን አለመኖር ሳይሆን የማውጫውን ድክመት ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ተማሪዎች ብቻ እንዳይመስለን የውኃን ነገር እንውሰድ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ ለመስኖ ሲውል ቆይቷል። የጉድጓዶቹ የውኃ ከፍታ ወርዷል ወይስ ባለበት ነው የሚለው ጥያቄ ለገበሬው የኑሮ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጠው የዛሬው ልኬት ብቻ አይደለም፤ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የተለካው ነው። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአንድ በጋ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ የመዘገበው ቁጥር ለእርሱ የመመረቂያ ማሟያ ነበር፤ ለአካባቢው ግን ዳግመኛ ሊለካ የማይችል የዚያ ዓመት ምስክር ነው። ጽሑፉ ቢቀመጥ እንኳ አማካዩና ሠንጠረዡ ይቀራል፤ የመስክ ደብተሩ ከተማሪው ጋር ይሄዳል። ስለ ማሽላ ዝርያዎች፣ ስለ ጎርፍ መጥለፊያ ቦዮችና ስለ መሬት ይዞታ የተሰበሰቡ ቃለ መጠይቆችም ዕጣቸው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአንድ ግልባጭ አደጋ ምን እንደ ሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችባቸው ወራት፣ ተዘርፏል፤ ከፍተኛ ጉዳትም ደርሶበታል። የፈረሰ ቤተ ሙከራ በገንዘብና በጊዜ ይተካል። ሌላ ቦታ ግልባጭ ያልነበረው ሰነድ ግን በምንም አይተካም። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብዳቤ ጸሐፊዎች የመርከብን መስጠም አስቀድመው አስበው ነበር። እኛ አደጋው በደጃችን ካለፈ በኋላም እንኳ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ መደርደሪያ እንተማመናለን።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሁሉም ነገር በዲጂታል መንገድ እየተያዘ ስለ ሆነ ጉዳዩ በራሱ ይፈታል የሚለው ነው። ዲጂታል ቅጂ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በአንድ አገልጋይ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፋይል ከአንድ ወረቀት የበለጠ ዋስትና የለውም። ዋስትናው የሚገኘው ከቅጂዎቹ ቁጥርና ከቦታቸው መራራቅ ነው። ሁለተኛው የግል ምስጢርን ይመለከታል። የተማሪ ማኅደርና የቃለ መጠይቅ ቅጂ የሰዎችን ስም ይዟል፤ በተለይ ግጭት ባለፈበት አገር የተናጋሪው ማንነት መታወቁ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው። መልሱ ግን ሰነዱን ማስወገድ ሳይሆን ለምን ያህል ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይና ማን እንደሚከፍተው በጽሑፍ መወሰን ነው። ሦስተኛው፣ የራያ ጉዳይ አከራካሪ ስለ ሆነ መዝገቡም ለክርክር መሣሪያ ይሆናል የሚል ነው። ይህም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰነድ በሌለበት ክርክሩ አይቀርም፤ የሚቀረው ማመሳከሪያው ነው። የተለያየ አቋም ያላቸው ሰዎች አንዱን ወረቀት እኩል ማየት መቻላቸው ራሱ ትንሽ የጋራ መሬት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 መዛግብት የአገር ቅርስ መሆናቸውን የሚያጠናክር የሕግ መሠረት ሰጥቶናል። የጎደለው በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራ ደንብ ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ሦስት ነገሮችን ያለ ብዙ ወጪ መጀመር ይችላሉ። አንደኛ፣ ተማሪው ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር የመስክ ደብተሩንና ጥሬ መረጃውን እንዲያስረክብ ማስገደድ፣ ከዚህም አንዱ ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ ማድረግ። ለራያ ቆላ ወልድያ፣ ደሴና ማይጨው ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዳቸው የሌላውን ቅጂ ቢይዙ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ የተሠራበት ቀበሌ፣ ወረዳና የቀድሞ አውራጃ ስም በማውጫው እንዲመዘገብ ማድረግ። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባና በሞንትሪያል ባሉት የቀድሞው ኮሌጅ መዛግብት ውስጥ ክፍለ ሀገሮችን የሚመለከተው እየተለየ በቅጂ ወደየአካባቢው ዩኒቨርሲቲ እንዲመለስ መጠየቅ።

ከእነዚህ ውስጥ ቀዳሚ የማደርገው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ጊዜ የማይሰጠው እርሱ ነው። የድሮው ሰነድ እስከ ዛሬ ከቆየ አንድ ዓመት ሊጠብቀን ይችላል። ዘንድሮ ከቆቦ ሜዳ የሚመለሰው የተማሪ ደብተር ግን ከምረቃው ዕለት በኋላ በማንም እጅ አይገኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለመፈረም ብዕሩን የሚያነሣ አማካሪ መምህር ሁሉ «ደብተሩስ የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።